የከሰረ ሰው ዕዳው ወዴት ይሄዳል?

(በተማሪዎች ኅብረት የማታ ስብሰባ ላይ አንድ የሕግ ተማሪ ያሰማው ንግግር)



ዛሬ ማታ የምናገርበት ርእስ ጆሮን ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ስለ ዕዳና ስለ ኪሳራ ልናገር መሆኔን የሰማ አንድ ጓደኛዬ «ባለፈው ወር ያበደርኸኝን ገንዘብ በሰው ፊት ልትጠይቀኝ ነው እንዴ?» ብሎ አሥቆኛል። ንግግሬ እርሱን የሚመለከት አለመሆኑን አስቀድሜ አረጋግጣለሁ፤ ገንዘቡ ግን አሁንም እንደ ተፈለገ ነው።

ርእሱን የመረጥሁት በቤታችን ከደረሰ ነገር ተነሥቼ ነው። ጥቂት ወራት ይሆነዋል፤ በእናቴ ስም ከአሜሪካ አገር ደብዳቤ መጣ። ያመጣላት ጎረቤት «ከፍርድ ቤት ነው» አላት። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ነገር ግን ፊደሉን እያገጣጠመች በወረቀቱ ላይ የወንድሟን ስም አገኘች። ከዚያ በኋላ እኔ እስክደርስ ድረስ ያለቀሰችውን ልቅሶ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል። በር ላይ ስታገኘኝ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ወንድሜ ታሰረ ወይ?»

አልታሰረም። አጎቴ በዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ሥራ ወዳድ ነው፤ መጠጥ አያበዛም፤ ቁማር አያውቅም። ታመመና ለወራት ከሥራ ቀረ፤ የቤት ኪራዩንና የምግቡን ወጪ በክሬዲት ካርድ እየከፈለ ቆየ፤ ወለዱ በወለድ ላይ ተጨመረ፤ በመጨረሻም ሊከፍለው የማይችለው ሆነ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ሁሉ ለማንም አልነገረም። በስልክ ሲጠየቅ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ነበር መልሱ። ደብዳቤው እንግዲህ የሚለው ይህ ነው፦ ይህ ሰው በአሜሪካ የኪሳራ ሕግ መሠረት ለፍርድ ቤት አቤቱታ አቅርቧል፤ እርስዎ ከባለገንዘቦቹ አንዷ ሆነው ተመዝግበዋል፤ ከዛሬ ጀምሮ ዕዳውን እንዲከፍል መጠየቅ ተከልክሏል፤ ተቃውሞ ካለዎት እስከዚህ ቀን ድረስ ያቅርቡ።

እናቴ በመጀመሪያ ደነገጠች፤ ቀጥሎ ተቆጣች። ቤቷን በሸጠች ጊዜ 6,000 ዶላር የሚሆን ገንዘብ አበድራው ነበርና፣ ስሟ ከባንክና ከሆስፒታል ጋር በአንድ መዝገብ መግባቱ ክብሯን የነካ መሰላት። «እኔ እኅቱ ነኝ እንጂ ባንክ ነኝ ወይ?» አለችኝ። የሕግ ተማሪ ነኝ እያልሁ ስኮራ የኖርሁ ልጅ ለዚህ ጥያቄ የምመልሰው አጣሁ። የዛሬው ንግግሬ መልሱን ስፈልግ ያገኘሁት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ እናውራ። በእኛ ቋንቋ «ከሰረ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል። በገበያ ውሎ ትርፍ ያላገኘም ከሰረ ይባላል፤ ድካሙ በከንቱ የቀረም ከሰረ ይባላል። በሕግ አነጋገር ግን የከሰረ ሰው ማለት ዕዳውን በጊዜው መክፈል የማይችል መሆኑ በፍርድ ቤት ፊት የታወቀለት ሰው ነው። ድሃ መሆን ብቻውን መክሰር አይደለም። ዕዳ የሌለበት ድሃ አይከስርም።

መክፈል ያልቻለን ሰው ምን እናድርገው የሚለው ጥያቄ የቆየ ጥያቄ ነው። በአገራችን በቀድሞው ዘመን የነበረውን የቁራኛ ሥርዓት ሁላችሁም ሰምታችሁታል። ባለዕዳና ባለገንዘብ፣ ወይም ከሳሽና ተከሳሽ፣ በሰንሰለት ታስረው ወይም የልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ ነገሩ እስኪያልቅ አብረው ይውሉና አብረው ያድሩ ነበር። ዛሬም «የቁም ቁራኛ» የምንለው ከዚያ የቀረልን ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ብዙ ጊዜ የማናስተውለው ነገር ቢኖር ሰንሰለቱ ሁለት ጫፍ ያለው መሆኑ ነው። ባለዕዳውን ያሰረ ባለገንዘብ ራሱም ታስሯል፤ እርሻውን ትቶ፣ ንግዱን ዘግቶ፣ ምንም የሌለውን ሰው ሲጠብቅ ይውላል።

በአውሮፓም የተሻለ አልነበረም። የዚህን አገር ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር ልጥቀስና፣ የእንግሊዝ ምክር ቤት በ1542 ያወጣው የመጀመሪያው የኪሳራ ሕግ ከሳሪውን እንደ ጥፋተኛ የሚቆጥር ነበር። ባለዕዳን ማሰርም የተለመደ ነበር፤ የታወቀው ደራሲ የቻርልስ ዲክንስ አባት በ1824 ለንደን ውስጥ ማርሻልሲ በሚባለው ወኅኒ የገባው በዕዳ ምክንያት ነው። የታሰረ ሰው ሠርቶ መክፈል እንደማይችል ግልጽ ሳለ ይህ ልማድ ብዙ ዘመን ቆየ።

ለውጡ የተጀመረው በ1705 በንግሥት አን ዘመን በወጣ ሕግ ነው። ይህ ሕግ አንድ አዲስ ነገር አመጣ፦ ንብረቱን ሳይደብቅ ያስረከበና ለምርመራ የተባበረ ነጋዴ የቀረው ዕዳ እንዲሰረዝለት ፈቀደ። ንብረቱን የደበቀ ከሳሪ ግን በሞት እንዲቀጣ አዘዘ። እባካችሁ ይህን ነገር ልብ በሉልኝ። ምሕረቱና ቅጣቱ በአንድ ሕግ ውስጥ ጎን ለጎን ተጻፉ፤ ሁለቱን የሚለየውም የዕዳው ብዛት ሳይሆን መደበቅና አለመደበቅ ነው። የሞት ቅጣቱ ከጊዜ በኋላ ቀርቷል፤ ሐሳቡ ግን እስከ ዛሬ የኪሳራ ሕግ ሁሉ መሠረት ሆኖ ይኖራል።

አሜሪካኖች ይህን ሐሳብ ወርሰው አሰፉት። በ1898 ያወጡት የኪሳራ ሕግ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሠርቷል፤ ዛሬ የሚሠራበት ደግሞ በ1978 የወጣውና በ2005 ጠበቅ ተደርጎ የተሻሻለው ነው። በ1934 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፈረደው አንድ ነገር የሕጉን መንፈስ ያሳያል። አንድ ሠራተኛ ከአበዳሪ ኩባንያ 300 ዶላር ተበድሮ የወደፊት ደመወዙን በመያዣነት ሰጥቶ ነበር። ሰውየው ከሰረ፤ ዕዳውም ተሰረዘለት። ኩባንያው ግን «ደመወዙ መያዣዬ ነው» ብሎ ክሱን ቀጠለ። ፍርድ ቤቱ የኩባንያውን ነገር አልተቀበለም። ምክንያቱም፣ በአጭሩ ስናገረው፣ ቅን ሆኖ ሳለ ዕድል የከዳው ባለዕዳ አዲስ ሕይወት መጀመር አለበት፤ ነገ ሠርቶ የሚያገኘው ሁሉ ለትናንት ዕዳ አስቀድሞ ከተያዘ የዕዳው መሰረዝ ትርጉም የለውም የሚል ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። የኪሳራ ሕግ ሦስት ሥራ ይሠራል።

አንደኛ፣ ሩጫውን ያቆማል። ባለዕዳ መውደቁ ሲታወቅ ባለገንዘቦች ይሽቀዳደማሉ፤ የቀደመው ሁሉን ይወስዳል፣ የዘገየው ባዶ እጁን ይቀራል። አቤቱታው ለፍርድ ቤት በገባበት ቅጽበት ግን፣ ማንም ሳይከራከርበት፣ እግድ ይጸናል። ደመወዝ ማስያዝ፣ ክስ መቀጠል፣ በስልክና በደብዳቤ መጨቅጨቅ፣ ቤትን ለሐራጅ ማቅረብ ሁሉ ባለበት ይቆማል። አጎቴ ለሁለት ዓመት ያህል የስልክ ጥሪ በሰማ ቁጥር ልቡ ይመታ እንደ ነበረና ከዚያ ቀን በኋላ ስልኩ ዝም እንዳለ ነግሮናል።

ሁለተኛ፣ ያለውን ሰብስቦ ያካፍላል። ለጉዳዩ ንብረት ጠባቂ ይሾማል። ንብረት ጠባቂው የባለዕዳውን ሀብት መርምሮ፣ ሕግ ለኑሮው ከሚተውለት በላይ የሆነውን ሸጦ ለባለገንዘቦቹ በሕጉ ቅደም ተከተል ያከፋፍላል። ሕግ የሚተውለት ነገር ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ይለያያል፤ ለምሳሌ በቴክሳስ መኖሪያ ቤት ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን በአብዛኛው አይነካም፤ በሌላው ግዛት ግን የሚጠበቀው የቤት ዋጋ ትንሽ ነው። ኪራይ ቤት ለሚኖር እንደ አጎቴ ላለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጥ ነገር አይገኝም።

ሦስተኛ፣ የቀረውን ዕዳ ይሰርዛል። ብዙ ሰው ኪሳራ ሲባል የሚሰማው ይህን ሦስተኛውን ብቻ ነው፤ የሚሳሳተውም በዚሁ ላይ ነው። ሁሉም ዕዳ አይሰረዝም። ይህንን ለማሳየት በአጎቴ ፈቃድ የዕዳውን ዝርዝር ላነብላችሁ። ድምሩ 55,300 ዶላር ነው።

የክሬዲት ካርድ ዕዳ 19,000፤ የሆስፒታል 8,500። እነዚህ መያዣ የሌላቸው ዕዳዎች ናቸው፤ ተሰርዘዋል።

ለመኪናው የተበደረው 9,000። ይህ መያዣ ያለው ዕዳ ነው። ባለዕዳው በግሉ ክፈል ተብሎ መከሰሱ ቢቀርም መኪናው ግን እንደ ተያዘ ይቆያል፤ ስለዚህ ወይ መኪናውን ያስረክባል፣ ወይ መክፈሉን ይቀጥላል። አጎቴ እንጀራው በመኪናው ስለሆነ እከፍላለሁ ብሎ አዲስ ውል ፈረመ።

አንድ ጓደኛው ዋስ ሆኖ ያስወሰደው ብድር 4,000። ዕዳው በአጎቴ በኩል ተሰርዟል፤ በዋሱ በኩል ግን አልተሰረዘም። አበዳሪው ፊቱን ወደ ጓደኛው አዙሯል። በዚህ ነገር ላይ ኋላ እመለስበታለሁ።

በወጣትነቱ ኮሌጅ ጀምሮ ሲያቋርጥ የቀረበት የትምህርት ብድር 7,000። ይህ ዕዳ በልዩ ክርክር ከመጠን ያለፈ ችግር መኖሩ ካልተረጋገጠ በቀር አይሰረዝም። እኛ ተማሪዎች ይህን ልናውቀው ይገባል፤ በዚያ አገር ለመማር የምንበደረው ገንዘብ ከካርድ ዕዳ ይልቅ የጠና ነው።

ለልጁ ማሳደጊያ ሳይከፍል የቆየው 1,800። ይህም አይሰረዝም፤ እንዲያውም ከሌሎች ይቀድማል። ልጅ ባለገንዘብ ሆኖ ሲቆጠር ሕግ ከባንክ ያስቀድመዋል ማለት ነው። ከዚህ ሌላ የቅርብ ዓመታት ግብር፣ የወንጀል መቀጮ፣ በማታለል የተገኘ ገንዘብ፣ ሰክሮ መኪና ሲነዳ ሰው የጎዳ ሰው የሚከፍለው ካሣ አይሰረዙም።

የመጨረሻው የእናቴ 6,000 ዶላር ነው። ይህም ተሰርዟል።

እንግዲህ 37,500 ዶላር ከጫንቃው ወርዷል፤ 17,800 ዶላር ቀርቶበታል። ይህ ሁሉ ያለቀው አቤቱታው በገባ በአራት ወር ገደማ ነው። የተጠቀመበት መንገድ በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን «ቻፕተር ሰቨን» የሚሉት ምዕራፍ 7 ነው። የመዝገቡ ክፍያ በ2024 338 ዶላር ነበር፤ የጠበቃ ዋጋ ለብቻው ነው። ገቢው በግዛቱ ካለው መካከለኛ ገቢ የሚበልጥ ሰው ግን ምዘና ይደረግበታል፤ መክፈል ይችላል ከተባለ ወደ ምዕራፍ 13 ይመራል። ምዕራፍ 13 ንብረትን ሳይሸጡ ከደመወዝ እየቀነሱ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚከፍሉበት መንገድ ነው። የቤት ብድር ወደ ኋላ የቀረበትና ቤቱን ማዳን የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ይህን ይመርጣል፤ በግል ፍጆታ ብድር ዋስ የሆነውንም ሰው ዕቅዱ በሚፈጸምበት ጊዜ ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። ይህ ሁሉ ምሕረት ዋጋ አለው፤ ዋጋውም ገንዘብ አይደለም። ዋጋው መገለጥ ነው። ባለዕዳው ያለውን ሁሉ፣ ያለበትን ዕዳ ሁሉ፣ ገቢውንና ወጪውን፣ ባለፉት ዓመታት ለማን ምን እንደ ሰጠ ጽፎ፣ እውነት ነው ብሎ ይፈርማል፤ ኋላም በንብረት ጠባቂው ፊት በመሐላ ይጠየቃል። የደበቀ ሰው የዕዳ ስረዛው ይከለከላል፤ ወንጀልም ሊሆንበት ይችላል።

በዚህ ላይ የእኛ ጠባይ ከሕጉ ጋር ይጋጫል። አጎቴ ወደ ጠበቃ ከመሄዱ በፊት ያሰበው የሚከተለውን ነበር፦ በእጁ የቀረችውን 3,000 ዶላር ለእናቴ ልኮ፣ የእኅቱን ከፊል ዕዳ ከፍሎ፣ ከዚያ በኋላ ለባንኮቹ «ከሰርሁ» ሊል ነበር። እስኪ ከመካከላችን ይህን የሚነቅፍ ማን ነው? በእኛ ልማድ የዘመድ ገንዘብ ይቀድማል፤ ባንክ ይጠብቃል። ጠበቃው ግን አስቆመው። ከአቤቱታው በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ለቅርብ ዘመድ የተከፈለን ዕዳ ንብረት ጠባቂው እንዲመለስ ሊጠይቅ ይችላልና። ገንዘቡን ቢልክ ኖሮ ለእናቴ የመጣው ደብዳቤ ዕዳ መሰረዙን የሚነግር ሳይሆን «የተቀበልሽውን መልሺ» የሚል ይሆን ነበር። ንብረትን በወንድም ወይም በጓደኛ ስም ማዞርማ ከዚህም የባሰ ነው።

ዕቁቡም ነበረ። አጎቴ ከአገሩ ልጆች ጋር ዕቁብ ገብቶ 2,000 ዶላር ያህል ከፍሏል፤ ዕጣው ግን አልወጣለትም ነበር። «ዕቁብስ ይጻፋል?» ብሎ ጠየቀ። ጠበቃው ዕቁብ ምን እንደሆነ አያውቅም ነበርና ግማሽ ሰዓት ሲያስረዳው ቆየ ይባላል። በመጨረሻም የተሰጠው መልስ «ይጻፋል» ነው። ያልወጣለት የዕቁብ ገንዘብ የእርሱ ሀብት ነው፤ ወጥቶለት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ገና የሚከፍለው ዕዳ ሆኖ ይጻፍ ነበር። ጻፈው፤ ሕጉ ከሚተውለት መጠን ውስጥ ስለገባ አልተነካበትም። ደብቆት ቢገኝ ግን 2,000 ዶላር ለማዳን ሲል የ37,500 ዶላር ምሕረት ባጣ ነበር።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚሉት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። አጎቴ ሁለት ዓመት የደበቀው ወንጀል ስለሠራ አይደለም፤ አፍሮ ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ዕዳው በወለድ አደገ፤ ጓደኛውን ዋስ አድርጎ የተበደረውም የቆየውን ዕዳ ለማስታገሥ ነው። ቀድሞ ተናግሮ ቢሆን የጓደኛው ስም በዝርዝሩ ውስጥ ባልገባ ነበር። ስለዚህ እፍረቱ በገንዘብ ሲተመን ቢያንስ 4,000 ዶላርና አንድ ጓደኝነት ነው።

ከዚህ በኋላስ ምን ይቀርበታል? መክሰሩ በብድር ታሪኩ መዝገብ ላይ እስከ አሥር ዓመት ይታያል፤ በምዕራፍ 13 ለሚከፍለው ብዙውን ጊዜ ሰባት ዓመት ነው። በምዕራፍ 7 እንደገና ዕዳ ለማሰረዝ ስምንት ዓመት መጠበቅ አለበት። ብድር ቢያገኝም ወለዱ ይወደድበታል፤ ቤት አከራይም ሊያመነታበት ይችላል። ነገር ግን አይታሰርም፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም በመክሰሩ ብቻ ከሥራ ሊያባርረው አይችልም። የመኖሪያ ፈቃድ ወይም ዜግነት የሚጠብቁ ወገኖቻችን ብዙ ጊዜ የሚፈሩት ነገር አለና እርሱንም ልናገር፤ በቅንነት መክሰር በራሱ ዜግነትን የሚከለክል ጥፋት አይደለም። የሚያስከስሰው ማታለልና መደበቅ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ዕዳ እንዲህ የሚሰረዝ ከሆነ ማን ይከፍላል? ቃል ማክበርስ ወዴት ቀረ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የተሰረዘው ዕዳ አየር ሆኖ አይጠፋም፤ አበዳሪው ይሸከመዋል፤ አበዳሪውም ይህን አስቀድሞ ስለሚያውቅ በሁላችንም ወለድ ላይ ይጨምረዋል። ይሁን እንጂ አማራጩን እንመልከት። ሊከፍል የማይችልን ሰው ዕድሜ ልኩን ብናሳድደው ገንዘቡ አይገኝም፤ የሚገኘው ተስፋ ቆርጦ ሥራውን የተወ ወይም ተደብቆ የሚኖር ሰው ነው። በኦሪት ዘዳግም በየሰባት ዓመቱ ዕዳ እንዲተው የታዘዘው ለዕዳ ንቀት አይደለም፤ ወንድም ለዘለዓለም ባሪያ ሆኖ እንዳይቀር ነው።

እስካሁን የተናገርሁት የሌላ አገር ሕግ ነው። በአገራችንስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን አምስተኛ መጽሐፉን ለኪሳራ ሰጥቶ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 ተክቶት ነጋዴው ከመውደቁ በፊት ከባለገንዘቦቹ ጋር ተስማምቶ ንግዱን የሚያድስበትን መንገድ አስፍቷል። ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን በሁለቱም ዘመን በሩ የተሠራው ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ነው። ደመወዝተኛው መምህር፣ ነርሷ፣ አርሶ አደሩ በዚያ በር አይገቡም። እንግሊዝም እስከ 1861 ድረስ እንዲሁ ነበረች።

ይህ ማለት ነጋዴ ያልሆነ ባለዕዳ ምንም ጥበቃ የለውም ማለት አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በፍርድ አፈጻጸም ጊዜ የባለዕዳው ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃው፣ አልጋውና መኝታው፣ የሙያ መሣሪያው፣ የገበሬው የእርሻ ዕቃ እንዳይያዝ ከልክሏል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም ማንም ሰው የውል ግዴታውን መፈጸም ስላልቻለ ብቻ እንዳይታሰር ይደነግጋል። ሆኖም የሚያስቆመው እግድ የለውም፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚያይለት ዳኛ የለውም፤ በቅንነት ያለውን ሁሉ ቢያስረክብም የቀረው ዕዳ ይከተለዋል።

በዚህ ምክንያት ለእኛ ትልቁ ጥንቃቄ ከመፈረም በፊት ነው። ከዚህ ግቢ ወጥተን ሥራ ስንይዝ «ዋስ አምጡ» እንባላለን፤ ቀጥሎም «ዋስ ሁኑልን» እንባላለን። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የዋስትና ውል የገንዘቡ ከፍተኛ መጠን ካልተገለጸበት አይጸናም ይላል፤ ስለዚህ ያልተጻፈ ቁጥር ባለበት ወረቀት ላይ አትፈርሙ፤ አስፈርሙም። እንዲሁም ከባለዕዳው ጋር በአንድነት ብሎ የፈረመ ዋስ ባለገንዘቡ ባለዕዳውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ሊከሰው እንደሚችል እወቁ። የአጎቴ ጓደኛ ይህን የተረዳው ደብዳቤው እቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው። በቂ ገንዘብ ሳይኖር ቼክ መጻፍም ተራ ዕዳ ሳይሆን በወንጀል የሚያስከስስ ነገር ነው፤ ብዙ ነጋዴ የታሰረው በዚህ ነው።

ከዚህ አልፎ ለመምህራኖቻችንና ለሕግ ጓደኞቼ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ባንኮቻችን ለደመወዝተኛው በየጊዜው ብድር እያበዙ፣ በስልክ የሚሰጥ ብድርም እየተለመደ በመጣበት በዚህ ዘመን፣ ለነጋዴው የተከፈተው በር ለቅን ደመወዝተኛ ለምን ዝግ ሆነ የሚለው ጥያቄ ሊጠና ይገባዋል። የሌላውን አገር ሕግ እንዳለ እንቅዳ አልልም። እንደ እኔ አስተያየት ግን እግዱ፣ የተሟላ ዝርዝር በመሐላ ማቅረቡና የመጨረሻው ስረዛ ሦስቱም አብረው መሄድ አለባቸው። ዝርዝሩን ትቶ ስረዛውን ብቻ የሚሰጥ ሕግ አታላይን ያበለጽጋል፤ ስረዛውን ትቶ ዝርዝሩን ብቻ የሚጠይቅ ሕግ ደግሞ ማንንም እውነት አያናግርም።

ለእናቴ የሰጠሁትን መልስ ነግሬያችሁ ላብቃ። «እኔ ባንክ ነኝ ወይ?» ላለችው፣ «በሕግ ፊት አዎን፤ ሕጉ እኅትን ከባንክ ለይቶ ቢያይ ኖሮ እያንዳንዱ ባለዕዳ በአንድ ሌሊት መቶ እኅት ያፈራ ነበር» አልኋት። ሣቀች። ቀጥዬም ሕጉ ራሱ የሚፈቅደውን ነገርኋት፦ ዕዳው የተሰረዘለት ሰው ከዚያ በኋላ ከሚያገኘው ላይ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ በገዛ ፈቃዱ መክፈል ይችላል። ሕጉ የሰረዘው ማስገደድን ነው፤ ኅሊናን የሚሰርዝ ሕግ የለም።

አጎቴ ካለፈው ወር ጀምሮ መቶ ዶላር ይልካል። በስልክም ሲጠየቅ «ደኅና ነኝ» ማለቱን ትቶ ስንት እንደ ሠራና ስንት እንደ ቀረበት ይናገራል። እናቴ የመጀመሪያውን መቶ ዶላር ለዚያ ዋስ ለሆነው ጓደኛው እንዲሰጠው ብላ መለሰችለት።

 ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ፤ ያ ያልኋችሁ ጓደኛዬም ቢሆን።